አባቴ አቶ የተባሉበት ሰንበት

በእኛ ደብር ሁሉንም «ቄስ» ብሎ መጻፍ ከስድብ ይቆጠራል። ይህን ለትርንጎ ስነግራት ሣቀች። ትርንጎ ዛሬ ልጆቿን ድራ የጨረሰች ሴት ብትሆንም ድሮ ፍኖተ ሰላም ሳስተምር ከፊት ወንበር የማትጠፋ ተማሪዬ ነበረች፤ አሁንም «ቲቸር» ነው የምትለኝ። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ቤቴ መጥታ የተጻፈባቸው ሦስት ወረቀቶች ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች። ከማንኩሳ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬደው የትውልድ ደብሬ የተተከለበትን በዓል በትልቁ ሊያከብር ነው። ለበዓሉ መጽሐፍ ይታተማል፤ በመጽሐፉ ውስጥም ደብሩን ያገለገሉ ሰዎች ስም በየማዕረጋቸው ይሰፍራል። ትርንጎ የኮሚቴው ጸሐፊ ናት። እኔ ደግሞ የቄስ ልጅ ሆኜ ያደግሁ፣ ዕድሜዬንም አማርኛ በማስተማር የጨረስኩ ስለ ሆንኩ እርማቱን ይዛ ወደ እኔ መጣች። የደብሩን ስም አልጠራም፤ የሰዎቹንም ስም ለውጫለሁ። ለምን እንደ ሆነ እስከ መጨረሻው ያነበበ ይረዳልኛል።

ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ትርንጎ መነኩሴውንም፣ ማኅሌት መሪውንም፣ ግምጃ ቤት ጠባቂውንም በጅምላ «ቄስ፣ ቄስ፣ ቄስ» ብላ ደርድራቸዋለች። «ስሚ» አልኳት፣ «እኒህ ቆብ የጫኑ መነኩሴ ነበሩ፤ አባ በያቸው። እኒህ የደብሩን ንዋየ ቅድሳት በኃላፊነት የያዙ ናቸው፤ ቄሰ ገበዝ ነው የሚባሉት። እኒህ ማኅሌቱን የሚመሩ ናቸው፤ መሪጌታ በይ። እኒህኛው ደግሞ ድምፃቸው እስከ ወንዙ ማዶ የሚሰማ ደብተራ ነበሩ፤ አይቀድሱም፤ ግን እሳቸው ከሌሉ ክብረ በዓል አይደምቅም።» ትርንጎ ፊቷን አጨማደደች። «ቲቸር፣ ደብተራ ብለን ብንጽፍ ልጆቻቸው አይቀየሙንም? ክታብ የሚጽፉ ነው የሚመስለው።» ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። በልጅነታችን ደብተራ ሲባል ጾመ ድጓውን በቃሉ የሚያወርድ፣ ቅኔ የሚዘርፍ ሰው ነው የሚታየን። ዛሬ ደግሞ ማይክራፎን የጨበጠ ሁሉ መምህር ይባላል፣ ነጠላ ያጣፋ ሁሉ «አባታችን» ይባላል፣ ስሙን በሥራው ያገኘው ግን ይታማበታል። የኔታ እንኳ ሳይቀር መቀለጃ ሆኗል። እኛ የኔታ የምንለው ፊደል ያስቆጠረንን ሰው ብቻ ነበር፤ የሌላውን ልጅ ያስተማረውን የኔታ አንለውም።

መምሬ የሚለው ቃል ላይ ስደርስ እጄ ቀስ አለ። መምሬ ማለት በእኛ አገር አፍ ባለትዳሩ፣ ቀዳሹ ቄስ ነው። ሚስቱ ከሞተችበት ሌላ አያገባም። ከመነኮሰ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ መምሬ መባሉ ቀርቶ አባ ይሆናል። ሕፃናት እንኳ አይሳሳቱም ነበር። አንድ ሌላ ዓይነት ሰው ደግሞ አለ፤ ቅስናው የፈረሰ። እሱ አዲስ ስም አይሰጠውም፤ የነበረው ይወሰድበታል እንጂ። መስቀሉን ያስረክባል፣ ከመቅደስ ወጥቶ ቅኔ ማሕሌት ከዘማሪዎቹ ጋር ይቆማል፣ አገሩም ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም ገበሬ አቶ ይለዋል። ከትርንጎ ዝርዝር መካከል «ቄስ አላምረው» የሚል ስም ነበር። በቀዩ ሰረዝኩት።

«እንዴ ቲቸር፣ አባትዎ አይደሉም?»

«አባቴ ናቸው። ቄስ ግን አይደሉም።»

«ሽማግሌዎቹ እኮ ብዙ ዓመት ቀድሰዋል ብለውኝ ነው።»

«ቀድሰው ነበር፤ ከዚያ ፈረሱ። ቅስናው የፈረሰ ሰው ከካህናት ተራ አይጻፍም ብላችሁ ደንብ አውጡ። አለዚያ መጽሐፉ መቀለጃ ይሆናል።» ኮሚቴው በሳምንቱ ተሰብስቦ ደንቡን እኔ እንዳልኩት አጸደቀው። ትርንጎ ስትነግረኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

ደስ ያለኝ ለምን እንደ ነበር ለማስረዳት ወደ ልጅነቴ መመለስ አለብኝ። እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ ድረስ ስሜ ፈንታዬ አልነበረም፤ «የመምሬ ልጅ» ነበር። ከአባቴ ጋር ገበያ ስወጣ መንገዱ አያልቅም። ሰው ሁሉ ከበቅሎው እየወረደ፣ ሸክሙን እያስቀመጠ መስቀል ይሳለማል፤ ግንባሩን ያስነካል፣ ይስማል፣ እኔንም «እደጊ የመምሬ ልጅ» ይለኛል። አባቴ ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጥቁሯን ጃንጥላ እንደ ምርኩዝ ተደግፈው ይሄዳሉ። ከማንኩሳ ፍኖተ ሰላም በአውቶቡስ ስሙኒ ነበር፤ ረዳቱ ግን ከአባቴ ተቀብሎ አያውቅም። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው ጥግ ላይ ልብስ ሰፊዎቹ በረንዳው ላይ መኪናቸውን ደርድረው ይረግጣሉ። ከእነሱ ቀጥሎ ያለው ቡና ቤት ሬዲዮኑን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ዘፈን ይለቃል፤ አባቴ እዚያ ሲደርሱ እርምጃቸውን ያፈጥናሉ፣ እኔ እጎተታለሁ። አንድ ጊዜ ቡሬ ድረስ ወሰዱኝ። የቡሬን በርበሬ ተራ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ መንገዱ ግራና ቀኙ ቀይ ነው፣ ሳይጠጉት ያስነጥሳል። በሁለት ብር ኮንጎ ጫማ ገዙልኝ። እግሬን ልጦኝ ነበር፤ ግን እስኪበጠስ አላወለቅሁትም። ዛሬ ያ በረንዳ ፈርሶ የሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ግን የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ይሰማኛል።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ። እኔና እናቴ በሴቶቹ በር በኩል ቆመን ነበር። የዚያን ሳምንት ቀዳሹ አባቴ ስለ ሆኑ ድምፃቸውን እጠብቃለሁ። የወጣው ግን የሌላ ቄስ ድምፅ ነው። ዞር ብዬ ባይ አባቴ ቅኔ ማሕሌቱ ውስጥ፣ ከደብተራዎቹ በስተኋላ፣ መቋሚያ ተደግፈው ቆመዋል። ጥምጥማቸው ራሳቸው ላይ ነው፤ እጃቸው ላይ ግን መስቀል የለም። ደነገጥኩ። እናቴን ቀና ብዬ ባያት ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች። ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ አለቃ ካህናቱን ሰበሰቡ፤ እኛ ልጆች ዛፍ ሥር ሆነን የሰማነው አንዲት ቃል ብቻ ናት። አባቴ «ፈርሻለሁ» አሉ። ከማን ጋር፣ የት፣ መቼ ብለው ቢጠይቋቸውም መልሳቸው «ይኸው ነው» ብቻ እንደ ነበር ኋላ ተወራ።

የዚያው ሳምንት የማኅበር ድግስ ነበር። ከዚያ በፊት በማንኛውም ቤት አባቴ ከመደቡ ላይ በላይኛው ቦታ ይቀመጣሉ፣ ድፎው ቀርቦላቸው ይባርካሉ። የዚያን ቀን በሩ አጠገብ፣ ከገበሬዎቹ መካከል ቁጭ አሉ። ድፎው ገባ። የአባቴ ቀኝ እጅ ከጋቢው ውስጥ ብቅ ሲል አየሁት፤ ልማድ ነው፣ ሳያስቡት ነው። ከዚያ እጃቸውን መለስ አድርገው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ሌላ ቄስ ተነሥተው ባረኩ። አንዲት ሴትዮ በጆሮዬ አጠገብ ለጓደኛዋ «አቶ አላምረው መጡ እንዴ? እኔማ አፍረው የሚቀሩ መስሎኝ ነበር» ስትል ሰማሁ። አቶ የሚለው ቃል ያን ያህል ሊያቃጥል እንደሚችል ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። በነጋታው ልጆቹ «የመምሬ ልጅ» ማለት ትተው በስሜ ጠሩኝ።

አገሩ አባቴን ሲያማ እናቴን አመሰገነ። «እንዲህ ያለ በደል ችላ፣ ትዳሯን ሳትበትን!» ተባለላት። እኔም ይህንኑ እየሰማሁ አደግሁ። ለቅስናው የተሰጣቸው መሬት ለሌላ ቄስ ሄደ፤ አባቴ ከዚያ በኋላ የሰው ማሳ በእኩል እያረሱ ነው ያስተማሩኝ። ይህን አላሰብኩላቸውም። አክስቴ ዘንድ ፍኖተ ሰላም ገብቼ ስማር፣ ኋላም መምህርት ስሆን፣ ወደ አገር ቤት የምመለሰው ለእናቴ ስል ነበር። ለእናቴ ቀሚስ፣ ሻሽ፣ ጫማ እገዛለሁ። ለአባቴ ስኳር ይዤ እሄዳለሁ፤ ስሰጣቸውም ዓይናቸውን አላይም። እሳቸው ሁልጊዜ ይመርቁኛል። «አሜን» የምለው ለወጉ ያህል ነበር።

አሁን ሳስታውሰው ፊቴን የሚያግለኝ ደግሞ የሠርጌ ቀን ነው። ዳሱ ፍኖተ ሰላም አክስቴ ግቢ ተጥሎ፣ የሥራ ባልደረቦቼ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ሴቶቹ ፀጉራቸውን ካውያ ተተኩሰው መጥተው ነበር። አባቴ የታጠበ ጋቢያቸውን ለብሰው ከጥግ ተቀምጠዋል። ጥምጥማቸውን ያየ አንድ ባልደረባዬ ብድግ ብሎ «መምሬ፣ ማዕዱን ይባርኩልን» አለ። እኔ ከሙሽራ ወንበሬ ላይ ሆኜ፣ ሁሉ እየሰማ፣ «ቄስ አይደሉም፤ አቶ አላምረው ነው የሚባሉት» አልኩ። አባቴ ፈገግ አሉና «እውነቷን ነው። ሌላ አባት ጥሩ» አሉ። እናቴ የያዘችውን ሰሐን አስቀምጣ ከዳሱ ወጣች። በእሳቸው አፍራ የወጣች መሰለኝና አዘንኩላት። አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ ሲሞቱም እንደ ማንኛውም ምእመን ጸሎተ ፍትሐት ተደርጎላቸው ተቀበሩ። እናቴ ከእሳቸው በኋላ ረጅም ዕድሜ ኖራ፣ ስምንት ዓመት ሆናት፣ በክብር አረፈች።

ወደ ትርንጎ ልመለስ። ደንቡ በጸደቀ በሳምንቱ ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ይፈልጉዎታል። የአባትዎ ስም መሰረዙን ስነግራቸው ተቆጡ» አለችኝ። እማሆይ ወለተ ሥላሴ ገና በወጣትነታቸው ባላቸው ሞቶ የመነኮሱ፣ ለቅዳሴ የሚሆነውን ስንዴ እየለቀሙ በደብሩ ጥግ የኖሩ፣ የእናቴም የቅርብ ወዳጅ የነበሩ ሴት ናቸው። ዘጠና ዓመት ሳይሆናቸው አይቀርም። ማንኩሳ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ የቀረውን በእግሬ ሄጄ ከቀትር በፊት ጎጆአቸው ደረስኩ። እግራቸው ሥር በርጩማ ሰጡኝ።

«አንች ነሽ የአባትሽን ስም የሰረዝሽ?»

«ደንቡ ነው እማሆይ። ቅስናቸው ፈርሷል።»

«ማን አፈረሰው?»

«ራሳቸው ናቸዋ! በአፋቸው ፈርሻለሁ ብለዋል፤ እኔም ሰምቻለሁ።»

«ወየው!» አሉ እማሆይ፣ «ውብነሽ ሳትነግርሽ ሞተች ማለት ነው? እኔ እኮ የምታውቂ መስሎኝ፤ አውቀሽ የጨከንሽ መስሎኝ ነው የተቆጣሁ።» ውብነሽ እናቴ ናት። ምኑን ነው የማውቀው ብዬ ጠየቅኋቸው። መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ስሚኝ ልጀ። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነው፤ ስንዴ እለቅም ነበር። እናትሽ እያለቀሰች መጣች። ያን ጊዜ ከቡሬ ጨርቅ ጭኖ የሚመጣ አንድ ነጋዴ ነበረ። ‹ከእሱ ጋር ወደቅሁ እማሆይ› አለችኝ። ማንም አላወቀባት። ዝም ብትል ዝም ብሎ ይቀር ነበር። ግን በማግሥቱ ቀዳሹ አባትሽ ናቸው። ‹በእኔ ኃጢአት እንዲህ ሆነው መቅደስ ይግቡ? ይቀሠፉብኛል› እያለች ተንቀጠቀጠች። ሄደሽ ንገሪያቸው አልኋት። ሄዳ ነገረቻቸው።»

እማሆይ ቀጠሉ። «የቄስ ሚስት ከወደቀች ሥርዓቱ ሁለት ነው። ወይ ይፈታትና ቅስናውን ይይዛል፤ ወይ እሷን ይይዝና ቅስናውን ይተዋል። ሦስተኛ የለም። አባትሽ ፀሐይ ሳትጠልቅ እዚች ደጅ ላይ መጥተው ቆሙ። ‹የወደቅሁ እኔ ነኝ እላለሁ፤ አንችም የምታውቂው ይኸንኑ ነው› አሉኝ። ኧረ መምሬ፣ እንዴት ይሆናል ብላቸው፣ ‹ብፈታት አገር ምክንያቱን ይጠይቃል። ካወቀ እሷ የት ትገባለች? ልጀስ የማን ልጅ ትባላለች?› አሉኝ። ሁለቱም በሕይወት እስካሉ ላልናገር ማልሁላቸው። ይኸው እስካሁንም ያዝሁት።»

ስድሳ ስድስት ዓመት የኖርኩ፣ ባል ቀብሬ ልጆች ያሳደግሁ ሴት ነኝ፤ እንዲህ ደንግጬ አላውቅም። መጀመሪያ የመጣብኝ ያ ሠርግ ነው፤ «እውነቷን ነው» ያሉት። ከዚያ እናቴን ጠላኋት። አዎ፣ ልሸፋፍነው አልችልም፣ ከልቤ ጠላኋት። ከሳቸው በኋላ ያን ያህል ዓመት ስትኖር፣ በየበዓሉ ቀሚስ ሳለብሳት፣ አንድ ቀን እንኳ «ፈንታዬ፣ አባትሽን ተያቸው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት እንዴት አቃታት? እማሆይ ይህን ከፊቴ ሳያነቡት አልቀሩም። «ልትነግርሽ በተነሣች ቁጥር አባትሽ ነበሩ የሚከለክሏት» አሉ። «ከሞቱ በኋላስ?» ስላቸው «ከሞቱ በኋላማ አንችን ፈራች» አሉኝ። እኔን መፍራቷን እንኳ ሳላውቅ ኖርኩ።

«አሁን ሁለቱም አልፈዋል» አሉ ሲሸኙኝ። «መምሬ አስብለሽ አጽፊላቸው። ይገባቸዋል።»

መንገዱን ሙሉ የማስበው ይህንኑ ነበር። የጤፉ ማሳ አረንጓዴ ሆኖ፣ የጉዝጓዝ ያህል ለስልሶ በግራና በቀኝ ተዘርግቷል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ቆሜ ባየሁት ነበር። መምሬ አላምረው፣ መምሬ አላምረው እያልኩ ለብቻዬ ቃሉን ደጋገምኩት። አሥራ ሁለት ዓመት ከሞላኝ ወዲህ አባቴን መምሬ ብዬ ጠርቼ አላውቅም። ያን ቃል በመጽሐፉ ላይ ለማየት የነበረኝ ጉጉት እንባዬን አመጣው።

ፍኖተ ሰላም ስደርስ ትርንጎ ቤቴ በረንዳ ላይ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትጠብቀኛለች። ጽሑፉ በማግሥቱ ለማተሚያ ቤት ይሰጣል። «እማሆይ ምን አሉዎት ቲቸር? መልሰን እንጻፋቸው እንዴ?»

«መመለስ ይቻላል?»

«ደንቡ አለ። ግን ኮሚቴው ፊት ቀርበው ቅስናቸው እንዳልፈረሰ ካስረዱ ይመልሷቸዋል። ሽማግሌዎቹ እንደሆኑ አባትዎን ይወዷቸዋል። ነገ ጠዋት ልጥራቸው?»

ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አሰብኳቸው። ያን እሑድ የነበሩ አራት ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። «አባቴ አልወደቁም» ብላቸው እሰየው ይላሉ፤ ወዲያው ደግሞ «ታዲያ ለምን ከመቅደስ ወጡ?» ይሉኛል። ለዚህ ጥያቄ በዓለም ላይ ያለው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ያ መልስ ደግሞ እናቴ ናት። አባቴ መስቀላቸውን ያስረከቡት፣ የሰው ማሳ ያረሱት፣ በሠርጌ ቀን በሰው ሁሉ ፊት አንገታቸውን የደፉት ይህ ጥያቄ እንዳይነሣ ነበር። እኔ አሁን ለእሳቸው ብዬ ላነሣው ነው። ያቺ እናቴ ደግሞ፣ ዝም ብላ መኖር እየቻለች፣ ለአባቴ ፈርታ እውነቱን የተናገረች ሴት ናት። ቁጣዬ አልወጣልኝም፤ ግን ይህ እውነት እጄን ይዞ አስቆመኝ።

«አትጥሪያቸው» አልኩ።

«እንግዲያው ተሰርዞ ይቅር?»

«አይቀርም። ከምእመናኑ ተራ የእናቴ ስም አለ አይደል?»

«አለ፤ ወይዘሮ ውብነሽ።»

«ከእሷ በላይ አስገቢያቸው።»

ትርንጎ ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ አስቀምጣ ቀና አለችና ጠበቀችኝ። «ምን ብዬ ልጻፍ ቲቸር?»

«አቶ» አልኳት፣ «አቶ አላምረው በይ።» ያን ቃል ለአባቴ አክብሬ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር።